ጽጌ ለአያቴ ያነበበችበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ዝናቡ አባርቶ ከልጅ ልጄ ጋር በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ፣ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ላስቲክ አንጥፎ መጻሕፍቱን በጨርቅ ሲያብስ አገኘነው። ልጅቱ መጽሐፍ ካየች እግሯ አይታዘዛትም፤ ቆመች። እኔም ጉልበቴ ዕረፍት አምሮት ነበርና አብሬያት ቆምኩ። የነገሥታት ታሪክ አለ፤ ከሱ ጎን እንዴት ተነግዶ እንደሚከበር የሚናገር አለ፤ ከሱ ቀጥሎ የጸሎት አለ። ሁሉም አንድ ላስቲክ ላይ እንደ አንድ እናት ልጆች ተጋድመዋል።

«ማዘር፣ መንፈሳዊም አለ» አለኝ ሻጩ። «ለርስዎ የሚሆን ጥሩ ጥሩ መንፈሳዊ አለኝ።»

«የንግዱን ለምን አታሳየኝም?»

ሳቀ። «ገና ሊነግዱ ነው?»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ሻጭ አይደለህ እንዴ!»

የልጅ ልጄ ሳታፍርብኝ አልቀረችም፣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ የንግዱን አንስቶ በእጅጌው ጠርጎ ሰጠኝ። ገለጥኩት። ርጥበት የነካው ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የመኪናው ጥሩንባ ሁሉ ጠፋብኝና፣ አንኮበር ሥር ያለው የአያቴ ቤት፣ ጉሙ በበሩ እንደ እንግዳ ሰተት ብሎ ሲገባ ታየኝ። ከጉሙ ጋር ደግሞ ሞቷል ብዬ የተውኩት ቅናት ብድግ አለ። ይኸው ሳምንት ሆነኝ፣ አልተኛ አለኝ። በትልቅነቴ ከዚህም ከዚያም በለቀምኳት ፊደል ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አያቴን አባባ ተክሌ እንላቸው ነበር። ነጋዴ ነበሩ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ በቅሎ እየነዱ፣ ከደጋው ገብስና ማር፣ ከቆላው ጥጥና በርበሬ ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና እቤት ዋሉ። የምትጦራቸው እናቴ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነኝና ሥራዬ እሳቸውን መምራት ሆነ። የዱላቸውን አንድ ጫፍ እሳቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ። ቤተ ክርስቲያን ቢሉ እኔ፣ ለቅሶ ቤት ቢሉ እኔ። «ድንጋይ አለ አባባ፣ እግርዎን ያንሡ» ስላቸው ያነሣሉ። አገር ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሰው፣ እኔ አንሡ ስላቸው ሲያነሡ፣ ከኔ በላይ ሹም ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከንግዱ ምን እንዳተረፉ አላውቅም። በሣጥን ውስጥ ግን በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት መጻሕፍት ነበሯቸው፤ አንዱ የነገሥታት ታሪክ፣ አንዱ ጸሎት፣ አንዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያስመጡት ስለ ንግድ የሚናገር። ብል እንዳይበላቸው በየመሐላቸው የአሪቲ ቅጠል ይደረጋል። እኔ የማውቃቸው በሽታቸው ነበር። የጸሎቱ ሰም ሰም ይላል። የታሪኩ ጢስ ጢስ። የንግዱ ደግሞ ከላምባ ጋር ተጭኖ ስለመጣ ላምባው አልለቀው ብሎ ቀርቷል። «የንግዱን አምጪ» ሲሉኝ አፍንጫዬን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ አሽትቼ አወጣዋለሁ። አያቴ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ ያነበቡትን በቃላቸው ይሉታል። በጣታቸው የሚያነቡ ነበር የሚመስለኝ። «ግለጪ» ይሉኛል፣ እገልጣለሁ። እንግዲህ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ እናነበዋለን ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ጥርጥር አልነበረኝም።

ከሁሉ የምወደው የአንድ ንጉሥ አሟሟት ነበር። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወፍራል፣ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። «ፈረሱ ወደቀ! ንጉሡ ግን ጦሩ ደረቱ ላይ እንደተሰካ፣ ቆሞ ሞተ!» እኔም ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ።

ያን ክረምት ጽጌ መጣች።

የአክስቴ የእትዬ ብርቄ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ትማራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ «የእናቷን አገር ትወቅ» ተብላ እኛ ዘንድ ተላከች። በዕድሜ ከኔ እምብዛም አትርቅም። ኮንጎ ጫማ አድርጋለች፤ ጭቃው ላይ ስትረግጥ እየተመጠጠ ይጮኻል። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ጩኸቱን ሊሰማ ኋላ ኋላዋ ይሄዳል። እኔ አልሄድኩም። እቤት ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት።

አያቴ ራሷን ዳበሱና «ማንበብ ትችያለሽ አሉ?» አሏት።

«እችላለሁ አባባ።»

«እስቲ የታሪኩን አምጡላት።»

አምጡላት! ድሮ «አምጪ» ነበር የሚሉት፤ ለሳቸው። አሁን ለሷ ሆነ። ቢሆንም ሮጬ አወጣሁላት። ያን ቀን አያ ሰይድም ቤታችን ነበሩ። አያ ሰይድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ፣ የአያቴ የድሮ የመንገድ ጓድ ናቸው፤ ለገበያ ሽቅብ ሲወጡ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ ይዘው ጎራ ሳይሉ አያልፉም። ጽጌ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ አይቆምም፣ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርዳል። ንጉሡ ዘንድ ደረሰች። እኔ ለለቅሶዬ ተዘጋጀሁ።

«ከዚህም በኋላ ንጉሡ ታመሙ። በአልጋቸው ላይ ሆነው ብዙ ከቆዩ በኋላ ዐረፉ» ብላ አለፈች።

«ቆይ ቆይ» አሉ አያቴ። «የት ዐረፉ?»

«በአልጋቸው ላይ ይላል።»

«ፈረሱስ?»

ጽጌ ወደ ላይ ወደ ታች አየች። «ፈረስ የለም አባባ።»

«ውሸቷን ነው!» ብዬ ተነሣሁ።

አያ ሰይድ ጥምጣማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። «ወላሂ ተክሌ! ሰውዬው አልጋው ላይ ተኝቶ ሲያቃስት፣ አንተ ይህን ሁሉ ዘመን በጦር ስትወጋው ኖርክ!»

አያቴ ይቆጧታል ብዬ ጠበቅኩ። ዱላቸውን ያነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እንደ ሕፃን ፈገግ አሉና «እስቲ ድገሚው» አሏት። ያን ሁሉ ጊዜ ስገልጥ ኖሬ፣ ለኔ አንድ ቀን እንኳ ድገሚው ብለውኝ አያውቁም። ሎሚ የዋጥኩ ያህል ኮመጠጠኝ፤ ሎሚውንም በልቼ ነበርና መጀመሪያ ላይ እሱ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የጽጌ ሆነ። በአያቴ ቀኝ ያለው አጎዛ የኔ መቀመጫ ነበር፤ ብርሃን ከበሩ የሚመጣው እዚያ ነው ተብሎ ለሷ ተሰጠ። እኔ ወደ ግራ ሄድኩ። ግራው ምሰሶ አለበት፤ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ስቀመጥ ብርሃን ጋረድሽ ተባልኩ። እናቴም «አስካለ፣ ተይ ያንብቡበት፤ ይልቅ ውሃ ውረጂ» ትለኛለች። ጽጌ ታነባለች፣ ራሷ ትገልጣለች። ደግሞ ስትገልጥ ጣቷን በምላሷ እርጥብ ታደርጋለች። ጓሮ ሄጄ ሞከርኩት፤ በጎመን ቅጠል።

የንግዱ መጽሐፍ ሲነበብ ሳቅ ይበዛል። ጽጌ «ነጋዴ ገዢውን በፈገግታ ይቀበል» ብላ ስታነብ አያ ሰይድ ይነሣሉ።

«ፈገግ ካልኩማ ‹ተርፎታል፣ ዋጋ ይቀንስ› ይሉኛል!»

«አንተ ስትስቅ ስለማታምር ነው» ይላሉ አያቴ። «ገዢው ደንግጦ ነው የሚሸሸው።»

ወደ ጸሎቱ ሲታለፍ አያ ሰይድ ቀስ ብለው ይነሣሉ። «እናንተ የናንተን በሉ፣ እኔም ሶላቴን ልስገድ።» ከጣራው ሥር ሆነው ሲታጠቡ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እጃቸውን ሲታጠቡ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ሐምሌ ሆኗል።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አውቀዋለሁ ይህን ፊት። ሁለተኛይቱን ሚስቴን ያገባሁ ጊዜ በመጀመሪያይቱ ላይ ያየሁት ነው።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ወላሂ እስካሁን ለሷም አልተገኘላት» አሉና ሳቃቸውን ይዘው ወደ ስግደታቸው ሄዱ።

እኔ ግን መድኃኒቱን ያገኘሁት መሰለኝ። ውሃ ወርጄ ስመለስ፣ እንጨት ሳስገባ፣ በግ ሳስር፣ ጆሮዬ ጽጌ አፍ ላይ ነበር። የምትለውን እንደሰማሁ በሆዴ እደግመዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግማሹ አይገባኝም፤ እንደ መዝሙር ነው የያዝኩት። ነሐሴ ላይ ጽጌን ጉንፋን ጣላትና ጋቢ ተከናንባ ተኛች። ውጭው ጉም፣ ውስጡ ጨለምለም ያለ፣ አያቴ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ያንኳኳሉ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ አሸተትኩ፣ ላምባ ላምባ የሚለውን አወጣሁና አጎዛው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ነጋዴ ገዢውን በፈገግታ ይቀበል» ብዬ ጀመርኩ።

የአያቴ ጣት ቆመ። ቀጠልኩ። ጉሮሮዬን እንደ ጽጌ እየጠረግኩ፣ እሷ የምታዘግምበት ላይ እያዘገምኩ፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ ተሻገርኩ። የአያቴ ፊት ሲበራ አያለሁ። ሎሚው ከሆዴ ወጣ።

«አስካልዬ።»

«አቤት አባባ።»

«ይህ ሁሉ ነገር አንድ ገጽ ላይ ነው እንዴ? ወረቀት ሲገለጥ አልሰማሁም።»

መግለጡን ረስቼዋለሁ! የኔን ሥራ፣ ግማሹን ንባብ! ጋቢው ውስጥ ያለችው ይባስ ብላ «አንድ ቃል አልሳተችም እኮ አባባ» አለች፤ በታፈነ አፍንጫዋ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ደግነቷ ነው ያንገበገበኝ።

አያቴ ስበው አስጠጉኝ። «ዝም ብለሽ ሰምተሽ ነው የያዝሽው? ይህን ሁሉ?»

«አዎ።»

ራሴን ሲዳብሱ ቆዩና በረጅሙ ተነፈሱ። የተቆጡኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱላውን ይዤ ስመራቸው በየመሐሉ ያ ትንፋሽ ይወጣቸዋል፤ እኔም በሰማሁት ቁጥር፣ ያነበብኩ መስዬ ስላታለልኳቸው ከልባቸው ወጥቻለሁ እላለሁ።

የጳጉሜ ሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ከጽጌ ጋር አብረን ተጠመቅን። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ይወጣል። እሷ ሳሙና አላት። አጣጥባኝ፣ አረፋውን ራሴ ላይ እንደ ዘውድ አቁማ ስትስቅ፣ እኔም ረስቼ ሳቅኩ። ከዚያ ጥርሷ በብርድ እየተንቀጫቀጨ «አባባ ሌሊት ሲያስላቸው እኔን አይጠሩም፣ አንቺን ነው የሚጠሩት» አለችኝ። እውነት ነው፣ እኔን ነው። ግን ሌሊት ውሃ ማቀበል ምኑ ያስቀናል? እያላገጠች ነው ብዬ አረፋዬን ጠረግኩት።

መስከረም ጠባ። የመጀመሪያዋ ደህና ፀሐይ ስትወጣ የአያቴ መጻሕፍት ይሰጣሉ። እህል ብቻ አይደለም የሚሰጣ፤ ክረምቱን በሣጥን የከረመ ወረቀትም ሳይሻግት ፀሐይ ማየት አለበት። ቁርበት ተነጥፎ መጻሕፍቱ ተዘርግተው፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ በየተራ እየገለጠ ያናፍሳቸዋል፣ ዶሮም እንዳይሄድባቸው ይጠብቃል። ይህ ሥራ የኔ ነበር፤ ጽጌም አልቀማችኝም። እትዬ ብርቄ ጽጌን ልትወስድ በዋዜማው ደርሳ ነበርና ትልልቆቹ እቤት ውስጥ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። እኔ ከግድግዳው ሥር ነኝ፤ ግድግዳው ጭቃው የተላላጠ ነው፣ ወሬ አያስቀርም።

«ሁለቱን ላስተምር አልችልም አባዬ» ትላለች እትዬ ብርቄ። «ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት። አንዷን ነው።»

«ጽጌ ዘንድሮ እኔ ዘንድ ትቅር» አሉ አያቴ። «ፊደሉን ይዛዋለች፣ አንድ ዓመት አይጎዳትም። እያነበበች ታቆየኛለች። አስካለን ውሰጂና ትምህርት ቤት አስገቢያት።»

የያዝኩት ገጽ ከእጄ ወደቀ። ጽጌ ትቅር፤ አስካለን ውሰጂ። ትምህርት ቤት የሚለውን ሰምቼዋለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ግን ትምህርት ቤት ለኔ የጽጌ ጫማ ጩኸት ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። የምትቀረው የተወደደችው ናት። የምትወሰደው ደግሞ እንደ ተሸጠ በግ ናት። በጉ ሲወሰድ ማን ያለቅሳል? የቀረው ነው የሚቀለበው፣ የቀረው ነው የሚሳሳለት። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ልጅ ነኝ።

«እንዲያው ልጅቷስ ብትጠየቅ» አለች እናቴ።

ጠሩኝ። ገባሁ። ጽጌ ጥግ ላይ ዓይኗን መሬት ተክላ ቆማለች። አያቴ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል።

«አስካልዬ፣ ደብረ ብርሃን ትሄጃለሽ?»

የዱላውን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። «እርስዎን ማን ሊመራ ነው?»

«ጽጌ ትመራኛለች።»

«ድንጋዩን አታውቀውም! ወንዙ ላይ ትጥልዎታለች!»

«ትለምደዋለች።»

«እሷን ስለወደዱ ነው!»

«ማነው እሷን ወደድኩ ያለሽ?»

«ታዲያ ለምን እሷ ትቀራለች?»

እትዬ ብርቄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ዱላውን አለቅም ብዬ ስስብ፣ እሳቸውም በወዲያኛው ጫፍ አልለቀቁም።

«አባዬ፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» አለች እትዬ ብርቄ። «አይስሟት። ለዚህ ለዚህ እኔ ታቅፌ እወስዳታለሁ።»

«ተያት ብርቄ።»

«ይህን ጭንቅላቷን ይዛ ልትቀር?»

አያቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለመስማት እስኪያስቸግር፣ «እኔም እኮ ብትቀር አልጠላሁም» አሉ።

በዚህ አለቀ። ያን ጊዜ የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው፤ አልጠላሁም ማለት ወድጃለሁ ማለት ነው። እናቴ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም፤ ለጽጌ መሄድ ነው ብዬ በእናቴም ቀናሁ።

በማግሥቱ ሸኘናቸው። በቅሎዋ ተጫነች። ጽጌ ዓይኗ አብጧል። ደስ አለኝ፤ ተሸንፋ ነው የምታለቅሰው ብዬ። የአያቴን ጉልበት ሳመች፣ ወደኔ መጣችና አንገቴን አቅፋ በጆሮዬ «ታድለሽ» አለችኝ። ከልቧ ነበር። ያቺን ቃል አፌ ውስጥ እንደ አገዳ መጠጥኳት፤ ለብዙ ጊዜ ጣፈጠችኝ።

ሽቅብ ወጡ። አያቴና እኔ ደጃፉ ላይ ቆምን፣ እሳቸው በዱላው በዚያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው።

«ሄዱ?» አሉኝ።

«ገደሉን ሊዞሩ ነው አባባ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አይታዩም።»

«ደስ አለሽ?»

«አዎ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ፊታቸው ግን ወደ መንገዱ እንደዞረ ቀረ። እንግባ ብዬ ዱላውን ሳብ አደረግኩ፣ አልመጡም። ደግሜ ሳብኩ። ዓይኑ የማያይ ሰው ባዶ መንገድ ላይ ምን ይፈልጋል? እኔ ሳልሄድበት የቀረሁት መንገድ መሆኑን የት አውቄ፤ የሚናፍቁት ጽጌን መስሎኝ፣ አጠገባቸው ቆሜ፣ ብቻዬን ይዣቸው፣ እንደገና ቀናሁ።